አሥራ ሁለቱ እንቁላሎች

በዚያ ዓመት ካላሃሪ ላይ ዝናብ ቀረ፤ የካሼ ቤተሰቦች ጉሮሯቸውን የሚያርሱት በበረሃ ሐብሐብ ብቻ ሆነ። እሱ ሲያልቅ መጠባበቂያቸው በአሥራ ሁለት ባዶ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ የተሞላ ውሃ ነው፤ አፉ በሰም ታሽጎ ከሰፈሩ ግማሽ ቀን ርቆ ተቀብሯል። ሐብሐቡ ሳያልቅ ማንም አይነካውም። የሰረቀ ይባረራል፤ በዚህ ወራት ብቻውን የተባረረ ደግሞ ብዙ ቀን አይሰነብትም።

ሽማግሌው ካሼ ዱካ አንባቢ ነበር። ዱካዋን አይቶ ድኩላዋ ማርገዟን ይናገራል፤ ጉንዳን ተከትሎ ማር ያገኛል። በዚህም ይኮራ ነበር፤ ትንሽ ሳያበዛው አልቀረም።

አንድ ጠዋት ሐብሐብ ፍለጋ ወጥቶ የነበረውን የአማቹን የዳቤን ዱካ ተከተለ። ዱካው እንቁላሎቹ ወደተቀበሩበት ያመራል። በየጥቂቱ ሽንት የፈሰሰበት ቦታ አለ፤ ካሼ ቆጥሮ አምስት ደረሰ። እሱ ራሱ በቀን አንዴ ቢሸና ነው፤ ያውም ጠብታ። እስከ መጨረሻው መከተል አላስፈለገውም፤ ጉንዳን የወረረውን አሸዋ ተሻግሮ ወደ ሰፈር ተመለሰ።

ሐብሐብ ሲከፋፈሉ ዳቤ ድርሻውን ጨርሶ የሚስቱን የባኡንም ደገመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሆድህ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረሃል እንዴ?» አለ የባኡ አጎት ቤሳ።

ሁሉም ሳቁ። ዳቤም ሳቀ፤ የወገቡ ጠፍር ግን እየላላ ይወርድበታል። ካሼ «ሌባን ሐሳብ ያከሳዋል» አለ በልቡ።

«ልጄ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ሸናህ?»

«እኔ እንጃ አባባ። ይመጣብኛል።»

«ያልጠጣ ሰው ምኑን ይሸናል?»

«የበላሁት እናንተ የበላችሁትን ነው። ውሃ ጥም ሊገድለኝ ነው እኮ።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» አለ ቤሳ። አሁን አልሳቀም።

ባኡ የገፋ ሆዷን ይዛ ተነሳች። «አባዬ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሄደን እንቁላሎቹን እንይ።»

«ሐብሐቡ ሳያልቅ አይነኩም። ደግሞስ ምን እናያለን? መሬቱ ነግሮኛል፤ መሬት አይዋሽም።»

ዳቤ አንድ ሐብሐብ ተሰጥቶት ተባረረ። ባኡ አባቷን ማነጋገር አቆመች። ካሼ ለብዙ ነፍስ ሲባል ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

በሦስተኛው ቀን ሐብሐቡ አለቀ፤ ሁሉም ወደ እንቁላሎቹ ሄዱ። ቤሳ ቆፈረ፤ አንድ በአንድ እያነሳ አሸዋው ላይ ደረደራቸው። አሥራ ሁለቱም ሙሉ ነበሩ፤ ሰማቸው አልተነካም።

ካሼ አንዱን እንቁላል አቅፎ የአማቹን ዱካ ተከትሎ ሮጠ። የዳቤ እርምጃ እያጠረ፣ እግሩ እየተጎተተ ሄዷል። ሽንቱ ግን አልቆመም። ይህ ሰው ምን ጠጥቶ ነው?

ዱካው አንድ ቁጥቋጦ ሥር አለቀ። ዳቤ በጎኑ ተጋድሟል። ካሼ የእንቁላሉን ሰም ነቅሎ ከንፈሩን አራሰለት፤ ውሃው ሳይዋጥ በጉንጩ ወረደ። «ልጄ» አለው። ትንፋሹ ቆሟል።

ካሼ ከአስከሬኑ አጠገብ ሽንቱ ያራሰውንና ጉንዳን ያጠቆረውን አሸዋ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አኖረ፤ እንደ ማር ጣፈጠው።