የዶሳ ጉርሻ

መገናኛ አዲስ የተከፈተው የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት ውስጥ ልጅቷ ዶሳውን ቆረሰች፣ ድንቹን ጠቀለለችበትና ወደ አባቷ አፍ ዘረጋች። «እንጀራ ይመስላል አይደል አባዬ? ስትበላው ግን ቺፕስ በለው!» አባቷን ያገኘችው ገና በቅርቡ ስለሆነ፣ ከየካ አባዶ ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ «አባዬ» ማለትን በሆዷ ስትለማመድ ነበር የመጣችው።

እሱ አፉን ሳይከፍት አንድ ባለከረቫት ሰውዬ መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገው። «አንተ፣ እዚህም ደረስክ? ይቺ ቆንጆስ ማን ናት?»

«የዘመድ ልጅ ናት» አለ አባቷ፣ ቶሎ ብሎ።

ጉርሻው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰውዬው «እደጊ» ብሏት ሄደ። ይኼኔ አባቷ ፈገግ ብሎ አፉን ከፈተ። «በይ አጉርሺኛ!»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለትና ጣቶቿን በሶፍት ጠረገች።

«ይብሉ ጋሼ» አለችው።