መደብሩ የሰማው ማንኮራፋት

ዳቦ ጋጋሪው ሲያንኮራፋ ጣሪያው ብድግ ይላል፤ ትንፋሹን ሲስብ ተመልሶ ቁጭ ይላል። የጎረቤት ድመት ሁለቴ ቤት ቀይራለች። ጎረቤቶቹ ግን የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ይመስላቸዋል። እውነቱን የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ስልክ ነክተው አያውቁም።

እጮኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አታውቅም። ሰርጋቸው ደርሷል። ካወቀች ጥላው እንደምትሄድ እሱ አይጠራጠርም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያንኮራፉ ፊቷ ቲማቲም መስሎ መቀመጫ ቀይራለች።

አንድ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ያልጫነው አፕ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። «የማንኮራፋት መለኪያ» ይላል።

እጁ ላይ የነበረው ዱቄት በላብ ሊጥ ሆነ።

ስልኩን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበረው። አላስቻለውም፣ አወጣው። ምድጃ ውስጥ ሊከተው ሲል ዳቦው አሳዘነው። በፎጣ ላይ ፎጣ ጠቅልሎ ስልክ ጠጋኙ ዘንድ በረረ።

«ጉድ ሆኛለሁ፣ ወንድሜ!» አለ በሹክሹክታ። «ይሄ የአፕ መደብር ማን እንደሆንኩ ያውቃል። ስተኛ ጆሮውን ትራሴ ላይ ነው የሚያሳድረው!»

ስልክ ጠጋኙ ሳቀ። «አንተን? ኧረ ባክህ! መደብሩ የሚያውቀው አካውንቱን ነው። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ደግሞ በእኔ ኢሜይል ነው የከፈትኩለት። ለየብቻ ብከፍትማ ነጋ ጠባ የይለፍ ቃል ረሳን እያላችሁ ታሳብዱኛላችሁ! ለመደብሩ ሁላችሁም እኔ ናችሁ። አንዱ የጫነው ሌላው ስልክ ላይም ዱብ ይላል።»

«ታዲያ ይሄን ማን ጫነው?»

«በምን አውቄ? መደብሩም አያውቅ።»

ጋጋሪው እፎይ ሊል ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። «የእጮኛዬንም አንተ ነህ የከፈትክላት?»

«ሌላ ማን ሊከፍትላት ኖሯል?»

ሮጠ። ጥላው እንኳ ሊደርስበት አልቻለም። አፑን አይታ «ይሄ የማን ይሆን?» ካለች፣ የእሱ ፊት ውሸት አያውቅበትም፤ አፉ ዝም ቢል ጆሮው ቀልቶ ያሳብቃል።

የስፌት መኪናው ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ደፍታለች።

«አንተ ስልክ ላይም መጣ?»

«መጣ» አለ ጋጋሪው። «ስሚኝ፣ ሁሉንም ልንገርሽ...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም።» ቀለበቷን አውልቃ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። «ሰርጉ ቢቀርም አልቀየምህም።»

ጋጋሪው ዓይኑን ጨፈነ።

«የጫንኩት እኔ ነኝ» አለች፤ «እናቴ እንኳ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ማደር ትታለች።»