የመጨረሻው አልጋ

ሰብሌ መካነ ሰላም አውሮፕላን ማረፊያ የተጓዥ ሻንጣ ስትመዝን አርፍዳ ስትመለስ፣ የክፍላቸውን አልጋዎች ግቢ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው አገኘቻቸው። ክፍሉን ከሩቅ የመጡ የአየር መንገድ ሠራተኞች በጋራ ተከራይተው፣ በሥራ ሰሞን ያድሩበት ነበር። ውስጥ የቀረው የእሷ አልጋ ብቻ ነው።

«ምን ተፈጠረ?» አለች።

«ትኋን ነው፣ ልጄ። ፀሐይ ይምታው ብለን ነው» አሉ አከራይዋ እትዬ ፈርሂያ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«እፎይ። ስንት ጊዜ ስለምንዎ ነበር» ብላ የደንብ ልብሷን እጅጌ ሰበሰበች። ብርድ ልብሷን አጣጥፋ፣ አልጋዋን ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ተሸከመች። ጓደኛዋ አቀርቅራ ነበር፤ አልጋውን መንገድ ላይ ሁለቴ አሳረፈችው። «ምነው፣ ምሳ አልበላሽም እንዴ?» አለቻት ሰብሌ እየሳቀች። አልጋውን ከሌሎቹ ጎን አቁማ ተመለሰችና ባዶውን ወለል ጥርግ አድርጋ ጠረገችው።

እትዬ ፈርሂያ ከኋላዋ እየተከተሉ ሰሌን አነጠፉበት። ሰብሌ ለምን እንደሆነ ልትጠይቃቸው ዞር ስትል፣ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በበሩ ገቡ። ሰላም ያላት የለም። ግድግዳውን ተከትለው፣ እሷ በጠረገችው ወለል ላይ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ከአገር ቤት፣ ከአጅባር ወጥቶ የማያውቀው አጎቷ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ እንዳሸረጠ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ሰብሌ መጥረጊያውን አልለቀቀችም።

«አጎቴ» አለች፣ «እማዬ ናት ወይስ አባዬ?»