የማርሚታው ቡሎን

ወይንሸት የምትነዳት አሮጌ መኪና የባሏ የሟች ሚስቱ፣ የየሺመቤት ነበረች። እየነዳች ከኋላ ኳ ኳ ባለ ቁጥር፣ ሟቿ ከኋላ ወንበር ሆና "የእኔ ናት" የምትላት ይመስላታል። ባሏን "አሠራልኝ" ስትለው "ተዪው፣ ድምፁን ወድጄዋለሁ" ይላታል። ያኔ ቅናት ያንገበግባታል።

አንድ ቀን ሳትነግረው ጋራዥ ወሰደቻት። ሽማግሌው መካኒክ ከሥር ገብተው ወጡና ሳቁ።

"የማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ቡሎን ነው፣ ልጄ። ባልሽ ለምኖኝ እኔው ነኝ ያላላሁት።"

"ለየሺመቤት መታሰቢያ ብሎ ነዋ!" አለች።

"የምን መታሰቢያ? ባለፈው ወር ዘይት ሊያስቀይር ሲያመጣት አጥብቄው ነበር። በማግስቱ እየሮጠ መጣና፣ 'ወይንሸት ከሥራ ስትመለስ ገና ከመታጠፊያው ካልሰማኋት ልቤ አያርፍም፤ እንደ ነበረ አላላልኝ' አለኝ።"

መካኒኩ መፍቻቸውን አነሱ። "አሁን ላጥብቀው?"

"ይቆይ" አለችና የመኪናዋን ቁልፍ ተቀበለቻቸው።