ቀኝ እጅ

ከአውሎ ነፋስ የተረፉ ሰዎች በሚናገሩበት ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ላይ አንዲት ሴት ባዶ መዳፏን ዘረጋች። ትንሿ ልጅ ከሥር የሚያልፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ለአያቷ አነበበችላት፤ «ልጄን በዚህ እጄ ይዣት ነበር። አመለጠችኝ።»

አያትየዋ ቀኝ እጇን ጋቢዋ ሥር ሸሸገች። የሶዶ ዝናብ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሶ ነበር። «አጥፊው በሞቴ! ኋላ ስትቃዢ ልታድሪ ነው።»

ልጅቱ አላጠፋችም። ጋቢውን ትክ ብላ አየችው። «እማማ፣ ዳገቱ የተናደብን ቀን እናቴን በየትኛው እጅሽ ነበር የያዝሻት?»

ሦስት ክረምት ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ጥያቄ ነበር። «በቀኙ» አለች።

«በግራውስ?»

የአያትየዋ ግራ እጅ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ የልጅቱን የእጅ አንጓ ጨምድዶ ይዞ ነበር።