ምን ምን ይላል?

አሰጋሽ ለሦስተኛ ጊዜ የእጇን አንጓ ከባሏ ከስንሻው አፍንጫ ሥር ደቀነችው። ጠዋት የተቀባችው የቫኒላና የኮኮናት ሽቶ በሱዳኗ የገዳሪፍ ሙቀት ቆዳዋ ላይ ሞቆ፣ ምሳ ሰዓትም ላይ ገና ከምድጃ እንደወጣ ኬክ ያውድ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የት ገዛሽው ብሏታል። ትናንት ከቁረይሻ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰው ስንሻው ግን አንጓዋን እያሸተተ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ምን ይላል? አንጀቴን አታሳርረው፣ ተናገር እንጂ።»

«ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል» አለ፣ ሳያያት።

ልትሰድበው አፏን ስትከፍት የሚያር ነገር ሸተታት። ጠብቅልኝ ያለችው ምስር ወጥ እዚያው ጉልበቱ ሥር፣ ክዳኑ እንደተገጠመ አሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትህ?» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ፀረ አረሙን ከረጨን ወዲህ» አለ፤ እጇን ግን አፍንጫው ላይ እንደያዘ አልለቀቀውም።