ለአባት ነጭ የሆነው ገጽ

መርዶ በዜና እንዳይሰማ ከተደነገገ ወዲህ ጋዜጣ የያዘውን እጅ ያውቃል። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው መርዶውን እስኪያረዱ ድረስ፣ የሟችን ወሬ ለቤተሰቡ አያሳይም።

አቶ ይልቃል የልጃቸውን ምሳ ዕቃ ይዘው ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ሶልያና ትናንት “ወንዛችን ይጽዳ” ብለው ከተሰለፉት ተማሪዎች ጋር እንደወጣች አልተመለሰችም።

“ከጓደኞቿ ጋር አድራ ይሆናል ብዬ ሽሮ አምጥቼላት ነው” አሏት የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ትርሲትን።

ትርሲት የሰልፉን ዜና ጠዋት አንብባዋለች። ጋዜጣውን ከጠረጴዛው ላይ ልታነሳ እጇን ስትሰድ አቶ ይልቃል ቀደሟት። የፊት ገጹ፣ ከጋዜጣው ስም በታች፣ ለእሳቸው ነጭ ነበር። ቀና ብለው ዙሪያውን ሲያዩ ተማሪዎቹ ሁሉ አቀርቅረዋል።

ጋዜጣውን ቀስ ብለው አጥፈው አስቀመጡት። ምሳ ዕቃውን ከፍተው ወደ ልጃቸው ጓደኞች ገፋ አደረጉት።

“ሳይቀዘቅዝ ብሉ፣ ልጆቼ።”

ከዚያ ወደ ትርሲት ዞሩ።

“ለሽማግሌዎቹ እንዳትነግሪብኝ። ለነሱም ጭንቅ ነው። ነገ ሲያንኳኩ እንዳልሰማ ሆኜ እከፍትላቸዋለሁ።”